ከፊደሉ የበቀለ ሐረግ፦ በአየርላንድ ብራናዎች ፈለግ

ሰኞ፣ ደብሊን

ደብሊን የሚመጣ የብራና ወዳጅ በቀጥታ ዝነኛው የኬልስ መጽሐፍ ወዳለበት ወደ ትሪኒቲ ኮሌጅ ይገሰግሳል። እኔ ከቼስተር ቢቲ ቤተ መዘክር ጀመርኩ። የአየርላንድ ጸሐፍት በመጽሐፍ ላይ ምን እንደጨመሩ ለማወቅ፣ ከእነርሱ በፊት የተጻፈ መጽሐፍ ምን ይመስል እንደነበር ማየት ይቀድማል። (በዚህ ማስታወሻ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቤተ መዘክሩ በደብሊን ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ነው፤ መግቢያው ነጻ ነው። ስሙ የአሜሪካዊው የማዕድን ባለሀብት የአልፍሬድ ቼስተር ቢቲ ነው። ሰውየው በ1950 ወደ ደብሊን መጥቶ ኖረ፤ በ1968 ሲሞትም ዕድሜውን ሙሉ የሰበሰበውን ሀብት ለአየርላንድ ሕዝብ ትቶ ሄደ። ከሁሉ ይልቅ ያቆመኝ በ200 ዓ.ም. ገደማ በግሪክኛ በፓፒረስ ላይ የተጻፈው የጳውሎስ መልእክታት ቅጂ ነው። ፊደሎቹ ተስተካክለው ተሰድረዋል፤ በቃልና በቃል መካከል ግን ክፍተት የለም። መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተያያዘ ነው። በግሪክኛ አፉን የፈታ ሰው ጮክ ብሎ ሲያነበው ጆሮው ቃሉን ከቃሉ ይለይለታል። ሮማውያንም ላቲኑን እንዲሁ አያይዘው ይጽፉት ነበር።

አየርላንድ ግን በሮም ግዛት ሥር ሆና አታውቅም። በ5ኛው ክፍለ ዘመን ክርስትና ሲገባ፣ ላቲን ለአገሬው ሰው ከመጽሐፍና ከመምህር ብቻ የሚማረው ባዕድ ቋንቋ ነበር። ጆሮ ያልረዳቸውን በዓይን ተረዱት። በ7ኛው ክፍለ ዘመን በቃላት መካከል ክፍተት እየተዉ መጻፍ ጀመሩ፤ የማረፊያ ነጥቦችን አበዙ፤ ንባብ የሚጀምርበትን ቦታ በትልቅ ፊደል አሳዩ። ዛሬ አውሮፓ ሁሉ ቃልን ከቃል ለይቶ የሚጽፍበት ልማድ የተስፋፋው ከእነርሱ ተነሥቶ ነው። በቼስተር ቢቲ ስብስብ ውስጥ የግእዝ ብራናዎችም ስላሉ ይህ ጉዳይ ለእኛ ቅርብ ነው፤ አባቶቻችን ቃልን ከቃል የለዩት በክፍተት ሳይሆን በምልክት ነው፤ ከአክሱም የድንጋይ ጽሑፎች ጭረት እስከ ሁለት ነጥብ።

ዓለም የሚያደንቀው የአየርላንድ ሐረግ፣ ማለትም በብራና ላይ የሚሣለው ጥልፍልፍ ጌጥ፣ ዝም ብሎ ገጽ ለማሳመር የመጣ አይመስለኝም። አንባቢን ሊረዳ ከተነሣ ፊደል ላይ የበቀለ ነው ባይ ነኝ፤ የመጣሁትም ይህን በዓይኔ ልከታተል ነው።

ማክሰኞ፣ ደብሊን

ጠዋት ዶሰን ጎዳና ላይ ወዳለው የአየርላንድ ሮያል አካዳሚ ሄድኩ። በአየርላንድ እጅ ከተጻፉት ሁሉ በጣም ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ፣ ካሃኽ የሚባለው መዝሙረ ዳዊት፣ የሚጠበቀው እዚህ ነው። የተጻፈው በ6ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወይም በ7ኛው መጀመሪያ ነው። ዋናው በጥብቅ ስለሚቀመጥ የተመለከትኩት ቅጂውን ነው።

የካሃኽ ታሪክ የሚጀምረው በጠብ ነው። በትውፊቱ እንደሚባለው ቅዱስ ኮሉምባ የመምህሩን የፊንያንን መዝሙረ ዳዊት ተደብቆ ገለበጠ። መምህሩ ቅጂው ይገባኛል አለ። ንጉሥ ዲያርማትም ጥጃ ለላሟ እንደሆነ ሁሉ ቅጂም ለመጽሐፉ ነው ብሎ ፈረደ። ኮሉምባ ፍርዱን አልቀበልም አለ፤ ነገሩ በ561 የኩል ድረምነን ጦርነት አስነሣ ይባላል። ከሁለት ዓመት በኋላ ኮሉምባ ባሕር ተሻግሮ በስኮትላንድ ጠረፍ አዮና የምትባል ደሴት ላይ ገዳም መሠረተ። መጽሐፉ በኦዶኔል ቤተሰብ እጅ ሆኖ ለዘመናት ወደ ጦርነት ሲወጣ ኖረ፤ በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በኬልስ ከተማ በተሠራለት የብር ሣጥን ውስጥ ተዘግቶ። ሣጥኑ በ1813 ሲከፈት እርጥበት አጣብቆት ነበር። ዛሬ የቀሩት 58 ቅጠሎች ናቸው፤ ጠርዛቸው ተበልቷል።

ጌጡ ጥቂት ነው፤ ግን ሁሉም ነገር እዚህ ተጀምሯል። እያንዳንዱ መዝሙር በትልቅ ፊደል ይጀምራል። ፊደሉ በጥቁር ቀለም ተሥሎ ጫፉ ይጠመዘዛል፤ አንዳንዱ የዓሣ ቅርጽ ወይም መስቀል ይዟል፤ ዙሪያውን ብርቱካንማ ነጠብጣብ ከብቦታል። ከዚህ ይልቅ ልብ የሚሰርቀው ቀጥሎ ያለው ነው። ከትልቁ ፊደል ጎን ያለው ጥቂት ያንሳል፤ ሦስተኛው ከዚያም ያንሳል፤ እንዲህ እያለ እስከ መደበኛው ጽሕፈት ይወርዳል። ዓይን በትልቁ ተጠርቶ ደረጃ በደረጃ ንባቡ ውስጥ ይገባል። የጻፈው ሰው ስለ አንባቢው አስቧል።

ከዚያ በኪልዴር ጎዳና ወዳለው ብሔራዊ ቤተ መዘክር በእግር ተሻገርኩ፤ ቅርብ ነው። እዚህ ያሉት የስፕሪንግማውንት ሰሌዳዎች በ1914 በአንትሪም አውራጃ ከረግረግ አፈር የወጡ ስድስት የእንጨት ገበታዎች ናቸው፤ ሰም ተቀብቶባቸው በሰሙ ላይ በሹል ብረት ተጽፎባቸዋል። ዘመናቸው 600 ዓ.ም. ገደማ ነው። የተጻፈው መዝሙር 30፣ 31 እና 32 ነው፤ አቆጣጠሩ ከግእዙ ዳዊት ጋር ይገጥማል። ስለዚህ 31ኛው እኛ «ብፁዓን እለ ተኀድገ ሎሙ ኃጢአቶሙ» ብለን የምንደግመው ነው። አፉን በአየርላንድ ቋንቋ የፈታ ተማሪ ላቲን የሚጀምረው በዳዊት ነበር፤ አማርኛ ተናጋሪው ልጅ ግእዝን በዳዊት እንደሚገባበት ሁሉ። እኔም በልጅነቴ ትርጉሙን ሳላውቅ ዳዊት ስደግም ቀይ ቀለምና ነጥብ ምን ያህል እንደሚመሩ አውቃለሁና፣ በዚያ ሰሌዳ ፊት ብዙ ቆየሁ።

እዚሁ የፋደን ሞር መዝሙረ ዳዊትም አለ። ሐምሌ 2006 በቲፐሬሪ አውራጃ ማገዶ የሚሆን አፈር ሲቆፍር የነበረ የማሽን ሠራተኛ ያገኘው ነው፤ ወደ 1200 ዓመት በረግረጉ ውስጥ ተቀብሮ ኖሯል። ስድሳ ቅጠል ያህል ነበረው። ባዶው ቆዳ ብዙ ቦታ ላይ ሟሙቶ ጠፍቷል፤ ፊደሎቹ ግን ቀርተዋል። ምክንያቱ ቀለሙ ነው። የአየርላንድ ጥቁር ቀለም የሚዘጋጀው ኦክ የሚባለውን ዛፍ ነፍሳት ሲወጉት ከሚያብጥ እንቡጥና ከብረት ጨው ነው፤ እንቡጡ ቆዳ የሚያለፋ ንጥረ ነገር ስላለው ብዕሩ የነካውን ቦታ አለፋው። ጥላሸት የሚገባበት የእኛ ቀለም ብርታቱ ሌላ ነው፤ አይደበዝዝም፤ ቆዳን ማልፋት ግን አይችልም። የጥበቃ ባለሙያዎቹ ለዓመታት ሲሠሩ ከጠፋው ቆዳ የተረፉ ፊደሎችን አንድ በአንድ እየለቀሙ ነበር።

የመጽሐፉ የቆዳ ሽፋን ውስጡ በፓፒረስ ተለብጦ ተገኝቷል። ፓፒረስ ማለት የጣና ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ነው። በአየርላንድ አይበቅልም። በ800 ዓ.ም. ገደማ በሜዲትራኒያን በኩል ተጉዞ አየርላንድ ረግረግ ጫፍ መድረሱ ብዙ ያናግራል።

ከመውጣቴ በፊት የ8ኛው ክፍለ ዘመን የብረት ሥራዎችን፣ የአርዳህን ጽዋና የታራን የልብስ መርፌ፣ አየሁ። ጥምዞቹና እርስ በርስ የተጠላለፉት እንስሳት በብራናው ላይ ያሉት ናቸው። አንጥረኛውና ጸሐፊው አንድ ዓይነት እጅ ነበራቸው።

ረቡዕ፣ ትሪኒቲ ኮሌጅ

የኬልስ መጽሐፍ ቀን። ረጅም ሰልፍ ነበር፤ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው።

አራቱን ወንጌላት በላቲን የያዘ፣ 800 ዓ.ም. አካባቢ የተጻፈ መጽሐፍ ነው። 340 ቅጠሎች ቀርተዋል። በ1953 በአራት ጥራዝ ተከፍሎ ተደጉሷል። ገጹ ዛሬ ቁመቱ 33፣ ወርዱ 25 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ቀድሞ ይበልጥ ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የደጎሰው ሰው ጠርዙን ከነጌጡ ቆርጦታል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። ቆዳው የጥጃ ነው፤ ለመጽሐፉ ወደ 185 ጥጃ ሳያስፈልግ እንዳልቀረ ይገመታል።

በመስታወቱ ውስጥ የተከፈተው በየጊዜው ይለወጣል። ዛሬ የተከፈተው ሥዕል ያለበት ሳይሆን የንባብ ገጽ ነበር። አጠገቤ የነበሩ ጎብኚዎች ቅር ብሏቸው ቶሎ አለፉ። እኔ ግን የተመኘሁትን አገኘሁ። የመጽሐፉ ጽሕፈት ማጁስኩል የሚሉት ክብና ሰፊ ፊደል ነው፤ ቀጥ ያሉት ዘንጎች አናታቸው እንደ ሽብልቅ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ይወፍራል፤ ከላይና ከታች የተሰመሩትን መስመሮች ሞልቶ ይሄዳል። ቃሉ ከቃሉ ይለያል። ዓረፍተ ነገር ሲጀምር ፊደሉ እንስሳ ይሆናል፤ አንገቱን ያዞረ ወፍ፣ ጅራቱን የነከሰ አንበሳ። ከ680 ገጾች በቀለም ያላጌጡት ሁለት ብቻ ናቸው ይባላል፤ ዋናው ጉዳይ ግን ብዛቱ ሳይሆን ቦታው ነው። ጌጡ የተቀመጠው ንባብ በሚጀምርበት ነው።

ሌላም አለ። መስመር ሞልቶ ጥቂት ቃል ሲተርፍ ጸሐፊው አዲስ መስመር አይጀምርም፤ የተረፈውን በላይኛው መስመር መጨረሻ በቀረው ባዶ ቦታ ይጽፈዋል። አንባቢ እንዳይስት ደግሞ ትንሽ እንስሳ ወይም ምልክት በመካከል ያስቀምጣል። አየርላንዳውያን ይህን ልማድ «ራስ በክንፍ ሥር» ይሉታል። ያ ወፍ ሥራ ላይ ነው፤ መንገድ ያሳያል።

ጸሐፍቱ ሦስት ወይም አራት እንደነበሩ ባለሙያዎች ከእጃቸው ይለያሉ። ስህተትም አለ፤ አንደኛው ገጽ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ቢገኝ አልፋቁትም፤ ዙሪያውን በትንንሽ ቀይ መስቀሎች ምልክት አድርገው አለፉት። ያን የመሰለ ገጽ መፋቅ አሳዝኗቸው ይሆናል።

ስለ ቀለማቱ የሚያስረዳው ክፍል ጥሩ ነው። ቢጫው ኦርፒመንት የሚባል የአርሴኒክ ማዕድን ነው፤ ቀዩ ከእርሳስ፣ አረንጓዴው ከመዳብ፣ ሐምራዊው ድንጋይ ላይ ከሚበቅል ሽበት ነው። ሰማያዊው ከአፍጋኒስታን የመጣ ውድ ድንጋይ ነው ሲባል ኖሮ፣ በቅርቡ በሌዘር ሲመረመር ከተክል ቅጠል የሚወጣ ሆኖ ተገኘ። ወርቅ የለበትም። ያ ሁሉ ብርሃን ያለ ወርቅ ነው የተገኘው።

ዝነኛው ገጽ ግን በትልቅ ምስል ቀርቦ ነበርና በጽሞና አየሁት። ማቴዎስ 1፥18 ነው፤ «የኢየሱስ ክርስቶስም ልደት እንዲህ ነበረ»። የዘር ሐረጉ አልቆ ልደቱ የሚነገርበት ቦታ ስለሆነ፣ የአየርላንድ ጸሐፍት ሁልጊዜ እዚህ ላይ እንደ አዲስ ይጀምራሉ። በግሪክኛ የክርስቶስ ስም መጀመሪያ የሆኑት ፊደሎች ገጹን ወረሱት፤ በሙሉው ገጽ ላይ ያሉት ቃላት ሁለት ናቸው፣ በመካከላቸው አንዲት ምሕጻር። የመጀመሪያው ፊደል ክንዱን ዘርግቶ ከላይ እስከ ታች ወርዷል። በግራ ዘንጉ ሦስት መላእክት ብቅ ብለዋል። ከእግሩ ሥር ድመቶች አይጦችን እያዩ ተቀምጠዋል፤ አይጦቹ ክብ ኅብስት ይዘዋል። ጥቂት ራቅ ብሎ ጥቁር የውሃ አውሬ ዓሣ ጎርሷል። ወደ ውስጥ ባዩት መጠን ክቡ ክብ፣ ክቡ ውስጥ ጥምዝ፣ ጥምዙ ውስጥ የሰው ራስ ይታያል። ይህ ሁሉ ከካሃኽ የበቀለ ነው። እዚያ አንድ ጣት የሚያህለው ፊደል ሁለት መቶ ዓመት ሲያድግ እዚህ ደረሰ።

በዚሁ ቤተ መጻሕፍት ሌላ ታላቅ ወንጌል አለ፤ የደሮው መጽሐፍ፣ 700 ዓ.ም. ገደማ። ሙሉ ገጽ በሐረግ ብቻ የሚሞላበት፣ ምንጣፍ ገጽ የሚባለው ሥራ በእርሱ ውስጥ ይገኛል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በአንድ ገበሬ እጅ ገብቶ፣ ከብት ሲታመምበት መጽሐፉን ውሃ እየነከረ ውሃውን ያጠጣ እንደነበር በጊዜው ተጽፏል።

ሐሙስ፣ ኬልስ

ከደብሊን በ109 ቁጥር አውቶቡስ ሰሜን ምዕራብ ወደ ሚዝ አውራጃ። አረንጓዴ መስክ፣ በግ፣ ዝናብ።

በ806 ቫይኪንጎች የሚባሉት የሰሜን የባሕር ወራሪዎች አዮናን ወረው 68 ሰው ገደሉ። በማግሥቱ ዓመት መነኮሳቱ እዚህ ኬልስ ቦታ ተሰጥቷቸው አዲስ ገዳም መሥራት ጀመሩ። መጽሐፉ አዮና ተጽፎ ሸሽቶ መጣ፣ እዚሁ ተጻፈ ወይስ እዚያ ተጀምሮ እዚህ ተቀጠለ፣ ሊቃውንቱ ይከራከራሉ። እኔ ወደ መጨረሻው አደላለሁ፤ ያላለቁ ጌጦች በመጽሐፉ ውስጥ አሉና።

በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ክቡ ግንብ አናቱን አጥቶ ቆሟል። በዙሪያው የድንጋይ መስቀሎች አሉ። ከሁሉ ያስተማረኝ ያላለቀው ነው፤ ቅርጹ ወጥቶ ሥዕል የሚፈለፈልበት ቦታ ገና ወፍራም ሆኖ ቀርቷል። ጠራቢው መጀመሪያ ቦታውን እንዴት ይከፋፍል እንደነበር ይታያል፤ በብራናው ላይም ሐረጉ የተሠራው እንዲሁ በኮምፓስና በመስመር ተለክቶ ነው።

መጽሐፉ እዚህ እያለ በ1007 በሌሊት ከቤተ ክርስቲያኑ ተሰረቀ። የአየርላንድ ዜና መዋዕል የምዕራቡ ዓለም ዋነኛ ንዋየ ቅድሳት ይለዋል። ሁለት ወር ከሃያ ቀን ሲፈለግ ከርሞ ወርቁ ተገፎ፣ ሣር ያለበት አፈር ተጭኖበት ተገኘ። የተፈለገው ሽፋኑ እንጂ ወንጌሉ አልነበረም።

በ12ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የገዳሙ የመሬት ውሎች በባዶ ገጾቹ ላይ በአየርላንድ ቋንቋ ተገለበጡ። ወንጌል ላይ የተጻፈ ርስት ማንም አይደፍረውም ብለው ነው። የጉልት ሰነድ በወርቅ ወንጌል ላይ ሲጻፍ የኖረበት አገር ሰው ነኝና ይህን ማንም ሊያስረዳኝ አላስፈለገም።

የኮልም ኪሌ (የኮሉምባ የአየርላንድኛ ስሙ ነው) ቤት የሚባለው ጣሪያው ሳይቀር ድንጋይ የሆነ ጥንታዊ ጸሎት ቤት ነው። ቁልፉን በጎረቤት ያሉ አንዲት እናት ይዘውታል።

«ከየት መጣህ ልጄ?»

«ከኢትዮጵያ ነኝ፣ እማማ።»

«እዚያም እንዲህ ያለ መጽሐፍ አለ?»

«አለ፤ ዛሬም ብራና ፍቀው የሚጽፉ አሉ።»

ዝም ብለው አዩኝና «ዛሬም?» አሉ። «ዛሬም» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ቸኩለው ቁልፉን አልጠየቁኝም፤ በመሰላል ወጥቼ ከጣሪያው ሥር ያለውን ጠባብ ክፍል እስክጠግብ አየሁ።

በ1650ዎቹ አካባቢው በጦርነት ሲታመስ መጽሐፉ ለደኅንነቱ ወደ ደብሊን ተላከ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በጳጳሱ በሄንሪ ጆንስ አማካይነት ትሪኒቲ ገባ። ኬልስ ዛሬ ያላት ቅጂውን ነው።

ዓርብ

ወደ ዙሪክ በረራ፣ ከዚያ በባቡር ወደ ሳንክት ጋለን። ሌላ የሚጻፍ የለም።

ቅዳሜ፣ ሳንክት ጋለን

አየርላንዳውያን መነኮሳት ስደትን እንደ ገድል ቆጥረው ወደ አውሮፓ ዘለቁ። ከኮሉምባኑስ (ከኮሉምባ ሌላ ነው) ጋር የመጣው ጋሉስ በ612 እዚህ ቀረ። ገዳሙ በስሙ በ719 ተደራጀ። የ9ኛው ክፍለ ዘመን የመጻሕፍት ዝርዝሩ በአየርላንድ እጅ የተጻፉ ሠላሳ ያህል መጻሕፍትን ለይቶ መዝግቧል።

የቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ወለሉ እንዳይጎዳ በጫማ ላይ ለስላሳ ሸማ ጫማ ይደረጋል። አዳራሹን ብዙ አላየሁትም። የመጣሁት 51 ቁጥር ለሚባለው የ8ኛው ክፍለ ዘመን የአየርላንድ ወንጌል ነው። ስቅለቱ በመጨረሻ ገጾቹ ላይ ተሥሏል። የክርስቶስ ልብስ ሥጋውን የጠመጠመ ሐረግ ሆኗል። ለንጊኖስ በጦሩ ጎኑን ወግቶ፣ ከጎኑ የወጣው ደም በቀጭን መስመር ወደ ዓይኑ ይሄዳል። የለንጊኖስ ዓይን በዚያ ደም መብራቱን ከልጅነታችን የሰማን ሁሉ ሥዕሉን ያለ አስጎብኚ እናነበዋለን።

904 ቁጥር ግን ከሁሉ ይበልጥ ከሐሳቤ ጋር ገጠመ። የፕሪስኪያን የላቲን ሰዋስው ነው፤ በ850 ዓ.ም. ገደማ በአየርላንድ የተጻፈ። ገጾቹ ሙሉ በሙሉ በዲጂታል ስለቀረቡ በማያ ገጽ ላይ አጉልቼ አየኋቸው። ጽሕፈቱ ሚኒስኩል የሚሉት ፈጣንና ሹል ትንሽ ፊደል ነው፤ ቦታና ጊዜ ይቆጥባል። በመስመሮቹ መካከል በሺህ የሚቆጠር ማብራሪያ አለ፤ ከሦስት ሺህ በላይ የሚሆነው በአየርላንድ ቋንቋ ነው። ከቃላቱ በላይና በታች ደግሞ ነጥብና ጭረት ተበትኗል። በላቲን ባለቤቱ እዚህ፣ ግሱ ሩቅ እዚያ ሲሆን፣ አብረው የሚሄዱት ሁለቱ ቃላት አንድ ዓይነት ምልክት ተደርጎባቸዋል፤ ተማሪው ፈልጎ እንዲያገናኛቸው። ክፍተቱ፣ ትልቁ ፊደል፣ መንገድ የምታሳየው ወፍ፣ እነዚህ ነጥቦች፣ የአንድ መምህር ሥራ ናቸው።

ጸሐፍቱ በኅዳጉ ላይ ስለ ራሳቸውም ጽፈዋል። አንዱ በረደኝ ይላል። አንዱ ነፋሱ ዛሬ ሌሊት ባሕሩን ያናውጣል፣ ስለዚህ የሰሜን ወራሪዎች ይመጣሉ ብዬ አልፈራም የሚል አራት መስመር ግጥም ጽፏል። አንዱ ደግሞ የትናንቱ መጠጥ ራሱን እንዳዞረው በኦጋም፣ ከላቲን በፊት ድንጋይ ጠርዝ ላይ ይቀረጽ በነበረው የጭረት ፊደል፣ አስፍሯል።

ነገ ወደ ሚላኖ እሻገራለሁ። በ680ዎቹ አካባቢ በባንጎር ገዳም የተጻፈው የዝማሬ መጽሐፍ በአምብሮዚያና ቤተ መጻሕፍት ነው፤ በዚያን ጊዜ የቃላቱ ክፍተት ምን ያህል እንደሰፋ ማየት እፈልጋለሁ።